በባሌ ብስክሌት ወደ ሰቃ፣ ስለ አንዲት ፍየል ለመመስከር

እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር

ብስክሌቱን ከጓዳ ሳወጣ ጎረቤቴ አለሚቱ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ።

"ደግሞ ወዴት ነው?" አለች፣ "ደግሞ" የምትለዋን ጫን አድርጋ።

"ሰቃ።"

"አውቶቡስ የለም እኮ።"

"አውቶቡስ መቼ አልኩሽ?"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

"ብስክሌቱ ዕድሜዬን ጠይቆኝ አያውቅም።"

አልፈርድባትም። እግሬ ቤት እንደማይቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አጋሮ በሉ፣ ሊሙ በሉ፣ ሸቤ በሉ፣ ሟቹ ባሌ በተወልኝ ብስክሌት ያልረገጥኩት የቡና አገር የለም። እሱ ጎማ ጠጋኝ ነበር፤ መንዳት ያስተማረኝም በተጋባን ሰሞን ነው። ዛሬም ከቀሚሴ ሥር የሱን ሱሪ ታጥቄ፣ ከቀበሌ ሱቅ የደረሰችኝን ስኳር ከኋላ አስሬ ወጣሁ።

የዛሬው ግን የሽርሽር መንገድ አይደለም። ቤንዚን ጠፍቶ አውቶቡስ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ከሰቃ በእግሩ የመጣ ነጋዴ መልእክት አድርሶኛል። ጀማልና ሩቂያ የሚባሉ ወጣቶች ሊጋቡ፣ ኒካው ሊታሰር ሲል፣ ሼሁ እንደ ወጉ "ማን አጠባህ? አንቺንስ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም የኔን ስም ጠሩ። በእስላም ሕግ ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፤ መጋባት የለም። ሠርጉ ቆመ።

ጀማልን እናቱ በወሊድ ስትሞት ከልጄ ጋር ሁለት ዓመት አጥብቼዋለሁ፤ ኋላ አክስቱ ወደ አጋሮ ወሰደችው። ሩቂያ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቷ ዘሃራ በወባ ስትወድቅ ሦስት ወር እኔ ቤት ነበረች። አንዱ ወገን ሌላውን አያውቅም። እኔም ሙሽራው ጀማል ይባላል ሲሉኝ ልብ አላልኩም፤ በጅማ አገር ጀማል የሚባል ስንቱ ነው!

ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ዙህር፣ እስከ እኩለ ቀኑ ሶላት፣ ሊጠብቁኝ ተስማምተዋል። ካልደረስኩ የሙሽራው ወገን ያመጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል።

እኔ ደግሞ ለሃያ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለኝ። ሩቂያን አላጠባኋትም።

አንድ ሰዓት፣ ኬላው ላይ

የአወቱ ወንዝ በጉም ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ከከተማው መውጫ ገመድ ተወጥሯል። ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ፣ ባለ ጢም ጎልማሳ፣ ከዳሱ ወጣ።

"ይቁሙ እማማ! ምን ይዘዋል?"

"ስኳር።"

"ቡናስ?"

"ልጄ፣ ወደ ሰቃ ቡና ይዞ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

ሳቁን ዋጠ። "የይለፍ ወረቀትዎ?"

መልእክቱ የደረሰኝ ቀበሌው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ወረቀት ከየት ይምጣ? ነገሩን ከሥሩ አወራሁለት። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ።

"ታዲያ አጥብተዋታል ወይስ አላጠቧትም?"

"ሽማግሌ ፊት ነው የምናገረው።"

"እኔ ያለ ወረቀት ገመድ አላነሳም" አለና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ብስክሌቱን አጋድሜ፣ ጎንበስ ብዬ በገመዱ ሥር አለፍኩ። እሱም ገመድ አላነሳም፣ እኔም አላስነሳሁትም።

ሦስት ሰዓት

መኪና የሌለበት መንገድ እንዴት ያለ ነገር ነው! አቧራ የለ፣ ጥሩምባ የለ። ግራና ቀኝ የበቆሎ አገዳ፣ ከሱ ወዲያ እንሰት፣ ከእንሰቱ ወዲያ ጥላ ዛፍና ቡና። ጉሬዛው ነጭ ጭራውን እየነሰነሰ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። የሰንሰለቴ ድምፅ ለራሴ ይሰማኛል፤ ዘይት ይፈልጋል። ከአንዲት ሴት በአሥር ሳንቲም አምስት ሙዝ ገዝቼ ሁለቱን እየነዳሁ በላሁ።

አንድ ኩርባ ስዞር መንገዱ አለቀ። ማለቴ፣ መንገዱ አለ፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ሰሌን ተነጥፎበት ቀይ ቡና ተሰጥቷል። መኪና ሲጠፋ ሰዉ ጎዳናውን አውድማ አድርጎታል።

"አኮ! አኮ! ቡናችንን!" ብለው ሁለት ሴቶች እጃቸውን እያራገቡ ሮጡ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

አጠገባቸው ተቀምጠው ቡና የሚያገላብጡ ሽማግሌ ቀና አሉ። "መኪና መጣ ብዬ ደንግጬ ነበር። የባሰ መጣ!"

"መኪናማ ቢሆን ኖሮ እርስዎንም ጭምር ያስነሳ ነበር" አልኳቸው።

ሳቁ። ብስክሌቱን ተሸክሜ በቦዩ በኩል ዞርኩ፤ አንደኛዋ ሴት የኋላ ጎማውን ያዘችልኝ። የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ሰጡኝ። የምሄድበትን ጉዳይ ስነግራቸው እሷም እንደ ጥበቃው ጠየቀችኝ፦ "አጥብተሻታል?" መንገዱ ሁሉ ዳኛ ሆኗል።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ወንዙ ዳር

የእንጨት ድልድዩ መሐሉ ተሰብሯል። ውሃው እስከ ጉልበት ነው፤ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ስኳሩን በራሴ ላይ አድርጌ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተሻገርኩ። ጎማው ሁለት ጊዜ በድንጋይ መሐል ተቀረቀረብኝ፤ ሁለት ጊዜም አላቀቅኩት። ወዲያ ማዶ ሣሩ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳደርቅ ነው ልቤ ወደ ኋላ ያለው።

ዘሃራ ሕፃኗን ያመጣችልኝ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ነበር። "የሰው ልጅ ያሳደገ ጡት ነው፣ በረካ አለው" አለችኝ። ያን ጊዜ የመጨረሻ ልጄን ጡት ካስጣልኩ ዓመት አልፎኛል። መልሶ ይመጣል ብዬ እሺ አልኩ። አንድ ጊዜ አቀረብኳት፤ ጠብታ አልወጣም፤ አለቀሰች። ጎረቤት ቤት ቀንዷ የተሰበረ ግራጫ ፍየል ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ ሩቂያን ያሳደገቻት እሷ ናት።

ዘሃራ ደግሞ በየቅዳሜው "ለጡትሽ" እያለች ቅቤና ማር ትልካለች። የላክሽው ለፍየሏ ነው ማለት አቃተኝ። በላሁት።

ሩቂያ አድጋ በየኢዱ ትመጣለች። "የጡት እናቴ" ብላ ጉልበቴን ትስማለች፣ ፀጉሬን ትቀባኛለች። ዛሬ ከተናገርኩ ይህ ሁሉ ይቀራል። ዝም ብል ደግሞ የምትወደውን ሰው ወንድምሽ ነው ብለው ይነሷታል። ፀሐይዋን አየሁ። ጫማዬን ሳላደርቅ ተነሣሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሰቃ

የመጨረሻውን ዳገት በኮርቻው ላይ ሆኜ ወጣሁት አልልም፤ ገፋሁት፣ አንዳንዴም እሱ ደገፈኝ። ከመስጊዱ የሶላት ጥሪ ሲሰማ ከዘሃራ ግቢ ደጃፍ ነበርኩ።

ሰግደው ሲመለሱ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ጀማል ቆሟል፤ ሸሚዙ አዲስ፣ ፊቱ የተኛ ሰው ፊት አይደለም። ሩቂያ ከሴቶቹ መሐል ናት። ሼሁ ውሃ አስጠጡኝና፣ እንደ አገሩ ወግ አደ፣ እናት፣ ብለው ጠየቁኝ።

"አደ ወርቄ፣ በምታምኚው አምላክ ተናገሪ። ጀማልን አጥብተሻል?"

"አጥብቻለሁ።"

"ሩቂያንስ?"

"አላጠባሁም።"

ጉርምርምታ ተነሳ። የፍየሏን፣ የቅቤውን፣ የማሩን፣ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

"ጠብታም አልወጣ?" አሉ ሼሁ።

"ጠብታም።"

አንዱ የሙሽራው ዘመድ፣ "ልጆቹ አሳዝነዋት ይሆናል እንጂ፣ እንዴት እንመን?" አለ።

ሼሁ ጭቃ የለበሰውን ብስክሌቴን አዩና "ለማዘንማ እቤቷ ሆና ማዘን ትችል ነበር" አሉ። "ይህን ሁሉ መንገድ ረግጣ መጥታ በሰው ፊት በላሁ፣ ዋሸሁ የምትል ሴት አሁን አትዋሽም።"

ዘሃራ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች።

"ያ ሁሉ ቅቤ! ሦስት ወር ሙሉ!"

"በላሁት፣ ዘሃራ።"

"ፍየሏ ነበረች መብላት የነበረባት!"

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ዘሃራ አልሳቀችም። ዓይኗን ከኔ ነቅላ ወደ ቤት ገባች።

ሩቂያ ቀስ ብላ ወደኔ መጣች። "የጡት እናቴ አይደሉም ማለት ነው?"

"አይደለሁም ልጄ።"

"የሱስ?"

"የሱማ ነኝ። የነከሰኝ ጠባሳ ዛሬም አለ።"

ጀማል አንገቱን ደፋ። ሩቂያ ጎንበስ ብላ እንደ ኢዱ ቀን ጉልበቴን ሳመች። "እንግዲያው አማቴ ነዎት" አለች።

ያን ቀን ኒካው ታሰረ።

ሰኞ ጠዋት

በሠርጉ ዘሃራ አንድ ቃል አላናገረችኝም። ምግቤን እንኳ በሰው እጅ ነው የላከችው። ይህን አውቄ ስለመጣሁ አልከፋኝም ብል ግን ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ትናንት ጨርሻለሁ።

ብስክሌቴን ስጠርግ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጣ ገመዱን ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ ቋጠሮውን ስታጠብቅ ብስክሌቱ ተንገዳገደ።

"ቅቤ ነው" አለች፣ ሳታየኝ። "ይሄኛውን ሠርተሽበታል። ፀሐይ ሳያቀልጠው ግቢ።"

ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ወረድኩት። ቡና አስጪዎቹ ጋ ስደርስ ሰሌናቸውን ወደ ጎን ሰብስበው የአንድ ብስክሌት ስፋት ያላት መንገድ ትተዋል። ሽማግሌው ከሩቅ "ምን ሆነ?" ብለው ጮኹ። "ተጋቡ!" ብዬ ሳልቆም አለፍኩ። ኬላው ላይ ገመዱ መሬት ተኝቷል፤ ባለ ጢሙ እጁን አነሳልኝ።

ቤቴ ገብቼ ቅጠሉን ስፈታው ቅቤው ዳር ዳሩ ለስልሷል እንጂ አልቀለጠም። ቂጣ አሙቄ ቀባሁት። የዚያን ጊዜው ቅቤ ምን ምን ይል እንደነበር አላስታውስም፤ ሰው እንዳያየኝ ቶሎ ቶሎ ነበር የምውጠው። ይሄኛውን በሩን ከፍቼ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ በላሁት።