ለአንገቴ የተጻፈው መስመር

አለቃዬ የሐኪም ደብዳቤ ደበቀብኝ። ሙሉውን አይደለም፤ እኔን የሚጠብቀኝን መስመር ብቻ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አዳማ በምሠራበት ዘይት ፋብሪካ ነው። አንገቴን በዳሰስኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አንገቴ ላይ ነቀርሳ ወጥቶብኝ በሠራተኛ ማኅበራችን በኩል ውጭ አገር ተልኬ በጨረር ታከምኩ። ሐኪሞቹ ጤነኛው ሥጋዬ እንዳይጎዳ ያልሆኑት የለም። ቆዳዬ ላይ በቀለም አሰመሩ፤ ጨረሩ ከመስመሩ እንዳይወጣ ዙሪያውን በከባድ ብረት ከለሉት። የሚያስተረጉምልኝ ያገሬ ተማሪ፣ «እነሱ የሚችሉትን ጠብቀውልሃል፤ ቆዳህ እስኪጠና ሙቀት አታስነካው ይሉሃል» አለኝ። ይህንኑ በአማርኛ ጻፈውና ታሽጎ ለመሥሪያ ቤቴ ተላከ።

ስመለስ አለቃዬ ደብዳቤውን ዓይኔ እያየ ከፈተው። «ሕክምናውን ጨርሷል፣ ወደ ሥራው ይመለስ ይላል» አለ። ሥራዬ ቦይለር ማንደድ ነው። የተባልኩትን ብነግረው ወረቀቱ ላይ የለም አለኝ። ገባሁ። በሳምንቱ አንገቴ ውሃ ቋጠረ፣ ተላጠ። ባለቤቴ ነጠላዋን ቀድዳ ጠመጠመችልኝ። እሱ ደግሞ «ሙሽራው መጣ» እያለ ሰው አሳቀብኝ።

ቢሮው ገብቼ ደብዳቤውን ልየው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱ የሚያውቀኝ በጣቴ ስፈርም ነው። እየሳቀ ወረወረልኝ። ቃል በቃል እየለቀምኩ አነበብኩለት፤ ለስድስት ወር ከእሳትና ከፀሐይ ይጠበቅ፣ አለዚያ ቁስሉ ላይድን ይችላል ይላል።

«ይቺን ዘለሏት፣ ጓድ» አልኩት።

«ቦይለሩን ማን ያንድድልኝ? እምቢ ካልክ አሻጥር ነው። የአሻጥር ቅጣት ይጠፋሃል?»

«አይጠፋኝም። ያሳስሩኝ። እስር ቤት ቢያንስ ጥላ አለው።»

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጣሁ በሩ ላይ ካለው ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ቦይለሩ ጋ ድርሽ አላልኩም። ዘበኛው ኦቦ ገመዳ ጥላው በዞረ ቁጥር የተቀመጥኩበትን ዱካ ያዞርልኝ ነበር። ደብዳቤውን በእጄ ገለበጥኩ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ግልባጩን ለማኅበሩ ሰጠሁ። ሽማግሌ እንላክና ይቅርታ ጠይቀህ ነገሩ ይብቃ አሉኝ። ምን አጥፍቼ?

ነቀርሳው አልተመለሰም። አንገቴ ግን ጠባሳ ሆኖ ወደ ግራ አይዞርም። ያለፈውን እርሳው የሚሉኝ አሉ፤ አልረሳም። ባዕድ ለክቶ ያተረፈልኝን ሥጋ ያገሬ ሰው እያወቀ ጠበሰው። ማኅበሩ ከግራሩ ሥር እንደማልነሳ ሲያይ በመጨረሻ ግልባጩን ይዞ አለቃዬን አስገደደውና ወደ መጋዘን ያዛወረኝን ደብዳቤ ራሱ ፈረመ፤ ሐሙስ፣ ሰኔ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.።