ብብት ስር ያልዋለው እስክሪብቶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለአላህ በየሱጁዱ ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። ለሚያውቅ መንገር መናዘዝ ይባላል? ያቃተኝ ለሰው መንገር ነው። አንተ የምታነበው አታውቀኝም፤ እናቴንም አታውቃትም። ስለዚህ ካንተ ልጀምር።

ታላቅ ወንድሜ ናስር ጅማ ውስጥ ከእንጨት እስክሪብቶ ይሠራ ነበር። አባታችን የበርጩማ እግር ይቀርጽበት የነበረው፣ በእግር የሚረገጠው ማሽከርከሪያ በውርስ ለእሱ ደርሶት ነበር። አርጅቶ ከተነቀለ የቡና ግንድ፣ ከዋንዛ፣ አንዳንዴም ከበሬ ቀንድ ጣት የምታህል ነገር ይቀርጽና መሃሏን በስቶ፣ ከተራ እስክሪብቶ ያወጣውን የቀለም ቱቦ ያስገባባታል። ልፋቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። አንዱን በሰም ያሸዋል። አንዱን የተልባ ዘይት ያጠጣዋል። ሌላውን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ አሽቶ፣ መልሶ ይቀባል። የቡና እንጨት ሰም ሲጠግብ የማር መልክ ያወጣል፤ ያን ቀን ናስር ምሳውን ይረሳል።

አዲስ ቅብ ሲሞክር አንድ ልማድ ነበረው። ለሰው ከመስጠቱ በፊት እስክሪብቶውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ቀኑን ሙሉ የጅማ መርካቶ ውስጥ ይዞር ነበር። ቅቡ ላብ ካልቻለ ሸሚዙ ላይ ይታያል። እናታችን ሸሚዞቹን ስታጥብ፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የሰው ልጅ ብብቱ ስር ኪታብ ይዞ ይሄዳል፤ የእኔው ማገዶ» ትለው ነበር። ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ስብሰባ ቀይ እስክሪብቶ አዘዘ። ናስር ከሃጂ አወል ሱቅ ቀላ ያለ ቫርኒሽ ገዛ። ቀንድ ሊያመጣ ወደ አጋሮ ሲሄድ ቅቡን ለእኔ ተወው፤ በስሱ ቀብቼ፣ ሲደርቅ እንድደግም፣ ከዚያም በላብ እንድፈትነው ነገረኝ። ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ኬሚስትሪ እማር ነበር። እና ቫርኒሹ ደበዘዘብኝ። ቡናማ እንጂ ቀይ አልሆነም።

እኔ ነኝ ያደረግሁት። እናቴ ለስፌት አለላ የምታቀልምበትን ቀይ ዱቄት ከጣሳዋ ቆነጠርኩ። እኔ በጠበጥኩት፣ እኔ አፈላሁት፣ እንጨቱን እኔ ነከርኩት። ሲደርቅ ሰም አሸሁበት። እንደ በሰለ የቡና ፍሬ ቀላ። እንደዚያ ያማረ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ብብቴ ስር ግን አላዋልኩትም። ለምን? ሸሚዜ እንዳይበላሽ? ወይስ እንደማይችል ልቤ ያውቅ ነበር? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ናስር የተመለሰው በስብሰባው ዋዜማ ነው። እስክሪብቶውን አገላብጦ አየው። ደስ አለው፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ቫርኒሹ እንዲህ ያምራል ብሎ እንዳልጠበቀ ነገረኝ። ቫርኒሽ አይደለም አላልኩም።

«ብብትህ ስር አዋልከው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚች ቃል የመጣ ነው።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ጨብጦ ብዙ ተናገረ። አዳራሹ ይሞቅ ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ እጁን እጁን አያለሁ። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ፤ ከዚያ መፈክር ሊያሰማ ክንዱን ወደ ላይ ሰነዘረ። መዳፉ ቀይ ነበር። ግንባሩም። አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው፣ «ዲጋ» አሉ። ደም ማለታቸው ነው። ማንም አልሳቀም። በዚያ አዳራሽ ልጁ ተወስዶ ያልተመለሰለት ስንት ሰው ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ያንን እጅ አየ፤ ሊቀመንበሩም ሲያዩት አየ።

ከሰዓት ታጣቂዎች ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። ናስር ማሽከርከሪያው አጠገብ ነበር፤ እኔም አጠገቡ። ሊቀመንበሩ እጁን በሳሙና አሽቶ አሽቶ ቆዳው ተልጧል፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም።

«ማነው የቀባው?»

ናስር መጀመሪያ እስክሪብቶውን አየ። በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። ከዚያ የእኔን ጣቶች አየ። ጥፍሮቼ ስር ቀይ ነበር። እናቴ አለላ ስታቀልም ስለማግዛት ቀይ ጣት በእኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም፤ እሱ ግን አወቀ። ዓይኑ እዚያ የቆየው ትንሽ ነው። እኔን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከገበያ የገዛሁት ቫርኒሽ ነው፤ ይለቃል ብዬ አልጠረጠርኩም። እሱ ተማሪ ነው፣ ጓድ። እንጨት ነው የሚያቀብለኝ።»

አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ምንም አልወጣም። ስለዚህ መክፈቴ ምን ይጠቅማል?

አብዮቱን አዋርደሃል ብለው አሰሩት። ከዚያ ከምልምሎች ጋር ጭነው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላኩት። ከሸቤ አብሮት የዘመተ አንድ ልጅ እግሩን ተቆርጦ ሲመለስ ናስር መሞቱን ነገረን።

ሃጂ አወል ለለቅሶ መጡ። እናቴ ሰላምታቸውን አልመለሰችም፤ ልጄን የገደለው እርሳቸው የሸጡት የተበረዘ ቫርኒሽ ነው ብላ ታምናለች። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ቫርኒሹ ንጹሕ እንደነበር ለእኔ ነገሩኝ። ለእኔ። መሬት መሬት አየሁ። ጫማቸውን አድርገው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር አያልፉም።

አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ማለት አልችልም። ናስር አይሰማኝም። ሃጂ አወልን አልጠየቅኋቸውም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ያኔ ልጅ ብሆን ዛሬስ? እናቴ በየንጋቱ ሰግዳ ስትጨርስ መዳፎቿን ትዘረጋለች። «ያንን ቀለም የበጠበጠ እጅ ይድረቅ» ትላለች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ትጠብቃለች፤ የሐዘንተኛ ዱዓ ብቻውን አይወጣም ትላለች።

ዛሬ ጠዋትም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ፣ አሚን አልኩ።