ወፍጮው ባልተነሳበት ቀን ወደ ሸነን

ከአምቦ የተነሳሁት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከሸነን ወጣ ብላ ካለች አንዲት ክሊኒክ ነርሷ ሲስተር ጫልቱ ደውላ፣ «መምህር፣ የክትባቱን ፍሪጅ ጠፍቶ አገኘሁት፤ ባትሪዎ አልሠራም። ነገ ክትባት አለ» ከማለቷ ስልኩ ተቋረጠ። ብሞክር ብሞክር አልገባም። የምሕንድስና መምህር ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ የሚሠራበትን መጠባበቂያ ባትሪ ንድፉን ስዬ አምና የተከልኩት እኔ ነኝ። ክትባቱ ከስምንት ዲግሪ በላይ ከሞቀ ይደፋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በከንቱ ይመለሳሉ።

ሌላ ባትሪ ይዤ ሚኒባስ ገባሁ። ሾፌሩ ዘወር ብሎ፣ «መምህር፣ ባትሪዎ ወንበር ይዟል፤ የሁለት ሰው ይከፍላሉ» አለኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ጉደር ላይ ዳቦ ገዛሁ፤ አልበላሁትም። ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው። በግራም በቀኝም ጤፉ ደርሷል፤ እኔ ግን ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ሲስተር ጫልቱ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብላ የፍሪጁን በር በፕላስተር አሽጋዋለች። ባትሪውን ሳየው ጢም ብሎ ሞልቷል። ፍሪጁን ከመብራት ወደ ባትሪ የሚያሸጋግረውን ማዞሪያ ያዞረው ሰው ግን የለም።

«በራሱ የሚበራ አይደል እንዴ?» አለች።

ለካ እሷ ሳታውቅ ዓመቱን ሙሉ ሲያዞር የኖረው ዘበኛው ኦቦ ገመቹ ነው። «ታዲያ ዛሬ ምነው?» አልኩት።

«እኔ የማውቀው እዚህ አጠገባችን ባለው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው» አለኝ። «ድምፁ ቀጥ ሲል መብራት ጠፋ ብዬ አዞራለሁ። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ባለወፍጮው አላስነሳም። ያልተነሳ ወፍጮ እንዴት ይቆማል?»

አዞርን፤ በሩን ከፈትን። ቴርሞሜትሩ ሰባት ይላል።

«ገለታ ዋቃ፤ እግዜር ይመስገን» አለች ሲስተር ጫልቱ። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ያን ደረቅ ዳቦ እንደ ክትፎ በላሁት።

በየዓመቱ የማስተምረው እኮ ይህንኑ ነው፤ የተግባር አርክቴክቸር እንለዋለን። ዕቃውን ከመሳልህ በፊት መሠራት ያለበትን ሥራ ጻፍ፤ የቱ ሥራ ለየቱ እንደሚያቀብል አሳይ። የእኔ ንድፍ ላይ ፍሪጅ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ማዞሪያ አለ። «መብራት መጥፋቱን ማወቅ» የሚል ሥራ ግን የለም። ያንን ሥራ ወፍጮው ሲሠራልኝ ከርሟል። አፈርኩ። ሳይመሽ፣ ከያዝኩት ዕቃ መብራት ሲጠፋ የሚጮህ ትንሽ ደወል ሠርቼ ኦቦ ገመቹ የዘብ ቤት ውስጥ ገጠምኩ።

በማግሥቱ

ሕፃናቱ በመርፌው ሲያለቅሱ ሰማሁ። የልጅ ለቅሶ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ኦቦ ገመቹ ይዤው የመጣሁትን ያልተነካ ባትሪ ተሸክሞ ሲሸኘኝ፣ «ደወሉ ደህና ነው» አለኝ። «እሱ ራሱ ሲበላሽስ በምን አውቃለሁ?»

ጥያቄውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

አምቦ ቤቴ ገብቼ ንድፉን እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ በመጀመሪያ ሥራዎቹን ብቻ። ማቀዝቀዝ፣ መብራት መጥፋቱን ማወቅ፣ ወደ ባትሪ ማዞር። ቀጥዬም፣ በየሳምንቱ ደወሉን መፈተሽ። ከጎኑ «ማን?» በሚለው ቦታ ኦቦ ገመቹ ብዬ ጻፍኩ። ንድፍ ላይ የሰው ስም ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።