በመዝገብ ቤት ያልተጠራው ስም

«ስምሽን ጽፌዋለሁ በልቤ መዝገብ ላይ፣
እምም... እምም... ክረምት አልፎ በጋ ሳይ...»

የዘፈኑ መካከል ጠፍቶባቸዋል። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ሽባባው ግን የጠፋውን በእምምታ እየሞሉ የዳንግላውን ፍርድ ቤት መዝገቦች አቧራ ሲያራግፉ ይውላሉ። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸውና «መዝገብ በግእዙ ሀብት የሚከተትበት ነው» ይላሉ፤ «ዛሬ ወረቀት ቢሆን፣ ያው የሰው ሀብት ነው ያለበት።»

አንድ ረፋድ እታለማሁ የምትባል ሴት ከአዘና መጣች። የባሏ ወንድም መሬታቸውን ሊወስድ ከሶ፣ ባሏ ክርክሩ ሳያልቅ ሞቷል። ከሰዓት ዳኛው ሲቀመጡ መዝገቡ ካልቀረበና እሷ በሟች ፈንታ ካልተተካች፣ መሬቱ መሄዱ ነው።

«የባልሽ ስም?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«እታለም፣ መዝገብ የሚፈለገው በስም ነው።»

«የቤቴን አባወራ ስም በአፌ ጠርቼ አላውቅም፣ ጌታው። ሞተ ብዬ ልድፈረው?»

«ልጅሽ ማን ይባላል?»

«ምህረቴ።»

«ምህረቴ ማን?»

አቀረቀረች። ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ሳቁ።

«እሺ፣ የከሳሹን ንገሪኝ።»

«ዋርሳዬ አይደል! የባል ወንድም በስሙ ይጠራል?»

«ከሶሽም ታከብሪዋለሽ?»

«እሱ ነውር ቢረሳ፣ እኔም ልርሳ?»

ሳቁ ቆመ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ለምሳ ወጡ። ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሱት አቶ ሽባባው፣ የባለጉዳዩ ሁሉ ስም የሰፈረበትን ትልቁን ባሕር መዝገብ አወረዱ።

«እኔ ልጥራ። አንቺ ስትሰሚው ምልክት ስጪኝ።»

«ደጉ... አዝመራው... ሀብቱ...» ድምፃቸው ሳያስቡት ወደ ዜማ አዘነበለ፤ የሞተውም ያለውም እየተጠራ አለፈ። ጉሮሯቸው ደረቀ። ገጽ ገለጡ።

«ውቤ አየነው።»

እታለማሁ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰውዬው በበሩ የገባ ይመስል፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። አቶ ሽባባው ደግመው አልጠየቁም።

መዝገቡን አውጥተው ራሳቸው ችሎት አስገቡ። ዳኛው «በሟች ፈንታ ሚስቱ ትተካ» ብለው አዘዙ፤ ስሟም ከውቤ ስም ግርጌ ተጻፈ። ክርክሩ ገና ነው፤ መሬቱ ግን ተሟጋች አላጣም።

«በእኔ የተነሳ ጦምዎን ዋሉ» አለች ከችሎት ስትወጣ።

«እህል የት ይሄዳል? ነይ፣ አብረን እንቅመስ።»

ከቤት ያመጡትን አገልግል ከፈቱ። ወጡ ቀዝቅዟል። እጃቸውን ታጥበው፣ የደከመ ወገባቸውን ይዘው ቁጭ አሉና ከእሷ ጋር ቆረሱ።