«ክልስ ነው ወይስ ዲቃላ?»

ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ዳገት ላይ የምንኖር ሰዎች ውሻ የምናሳድገው ለጌጥ አይደለም። ጫካው ቅርብ ነው፤ ጅቡም ቅርብ ነው። የእኛ ውሻ ቡላ ቀለም ያላት፣ ጆሮዋ የወደቀ ያበሻ ውሻ ናት። እናቴ ናት ገና ቡችላ ሳለች ከመንገድ አንስታ ያመጣቻት።

ከአጥራችን ማዶ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉን። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጀርመን ሸፐርድ አላቸው፤ እንግዳ ሲመጣባቸው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያሳዩት እሱን ነው። አምና ክረምት ጎርፉ የቆርቆሮውን አጥር ከሥሩ ሸረሸረውና ውሻቸው በዚያ ሾልኮ እኛ ግቢ ገባ። በመጥረጊያ ያባረርኩት እኔው ነኝ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ጥቅምት ላይ ውሻችን አራት ቡችሎች ወለደች።

ያን ሁሉ ውሻ መቀለብ ስለማንችል፣ ጳውሎስ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ለገባ ለወጣው ሁሉ መናገር ጀመርኩ። የሰዉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ክልስ ናቸው?» ክልስ ሲባል የፈረንጅ ደም አለበት ማለት ነው፤ ለውሻም ለሰውም እንደዚያው ነው። «አዎ፣ አባትየው ጀርመን ነው» እላለሁ። ዳገቱን እያለከለኩ ይወጣሉ፤ የቡችላውን ጆሮ በጣታቸው ቀና ያደርጉታል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይወድቃል። «እህቴ፣ ይሄማ ያበሻ ነው» ብለው ይሄዳሉ። አንዷማ የታክሲዬን መልሽ ልትለኝ ምንም አልቀራትም።

ቢቸግረኝ ጋሼ ቤት ሄድኩ። እናቴም ተከትላኝ መጥታ በራፉ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የሚመጣው ሰው አላምን አለኝ። አባታቸው የእርስዎ ውሻ መሆኑን አንድ ቃል ቢናገሩልኝ።»

ሳቁ። «የኔ ውሻ? የኔ ውሻ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞስ ልጄ፣ ለዲቃላ ሁሉ አባት ይፈለግለታል እንዴ?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤት ተመለሰች። እናቴ ያሳደገችኝ ብቻዋን ነው። አባቴ ያኔ እኛም በነበርንበት ቀጨኔ፣ ከእኛ ጥቂት ራቅ ብሎ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ልጄ ናት አላለም። ዲቃላ የሚለውን ቃል ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ስንሰለፍ፣ ከልጆች ጋር ስጣላ፣ እስኪበቃኝ ሰምቼዋለሁ። ቀጨኔን ለቀን ወደዚህ የወጣነውም ከዚያ ቃል ሸሽተን ነው። ጋሼ ይህን አያውቁም። የሰደቡት ውሻ ነው። ያበገነኝም ይኸው ነው፤ ምን ብዬ ልጣላቸው?

ከቡችሎቹ አንዱ ሞተ። አንዷን የሥራ ባልደረባዬ ወሰደችልኝ፤ አንዷ እኛው ጋ ቀረች። ወንዱን የወሰዱት ታች መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው ናቸው።

«ክልስ ነው ግን ሰው አያምነኝም» አልኳቸው አስቀድሜ።

«ዘሩ ምን ያደርግልኛል? ቤት አላስገባው፤ ሱቅ ነው የሚጠብቅልኝ። ይጮኻል?»

ይጮኻል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ሳሙና ልገዛ ወደ ስልጤው ሱቅ ወረድኩ። የዚያ ቡችላ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋሼ ሁለት ሰዎች ይዘው ከፊቱ ቆመዋል። «ይኸውላችሁ የኔ ውሻ ልጅ! ክልስ ማለት እንዲህ ነው፤ ጆሮውን እዩልኝ!»

አልቻልኩም። «ጋሼ፣ አባት የሚገኝለት ጆሮው ሲቆም ነው እንዴ? ያኔ ዲቃላ ብለውት አልነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ስለ ውሻ እኮ ነው የምናወራው!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳሙናውን ሳልቀበል ወጣሁ።

ወሬው ቶሎ እናቴ ዘንድ ደረሰ። «ሽማግሌ በአደባባይ ተናገርሽ አሉኝ።»

«እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

«ስለ ውሻው ነው ወይስ ስለ እኔ?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

«ስለ እኔ ከሆነ፣ ስንት ዓመት ዋጥ አድርጌ የያዝኩትን አንቺ ሱቅ በር ላይ ዘረገፍሽው።»

«እማ፣ አንቺን መች አነሳሁ?»

«ሰው ሞኝ አይደለም። ነገ ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

ሄድኩ። ጋሼ አልተቀየሙም ነበር፤ ነገሩን ከነጭራሹ የረሱት ይመስላሉ። ሻይ አስቀርበው የውሻቸውን ዘር እስከ አያቱ ተረኩልኝ። ጥርሴን ነክሼ አዳመጥኩ። ልነሳ ስል «እንዲያውም» አሉኝ፣ «ያቺን እናትየዋን ዘንድሮ ሆን ብለን እናገናኛቸው። ጥሩ ክልስ ይወጣል።»

እናቴን ጠይቄ እነግርዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አልጠየቅኳትም። እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር ያስታውሱኛል።