ብስክሌት፣ ዳገትና አጭር ትንፋሽ

በበቅሎ መሄድ ብችል ኖሮ ብስክሌት አልገዛም ነበር። ያን ጊዜ በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ብስክሌት ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ አገሩ ሁሉ ለመዘነጥ የገዛኋት ይመስለው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። የበቅሎ ጸጉር ደረቴን ይዘጋዋል። ኮርቻ ላይ ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ ማፏጨት እጀምራለሁ፤ በአፌ ሳይሆን በደረቴ። ያየኝ የጎንደር ሐኪም "አስም ነው" ብሎ ነጫጭ ክኒን ሰጠኝና ሲያሰናብተኝ፣ "ዳገት አትውጣ" አለኝ። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የማያውቅ ሰው ምክር ነው። በእኛ አገር ዳገት አትውጣ ማለት ከቤትህ አትውጣ ማለት ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም ገና ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ስማዳ፣ ወገዳ ነበር። እዚያ የተከራየሁት ጎጆ እሳት ከመሐሉ የማይጠፋ ጢሳም ቤት ስለነበር ዓመቱን ሳልጨርስ በቃሬዛ ወጣሁ። ከብዙ ልመና በኋላ ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ። ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ፣ ዳገት ላይ አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። የላከኝ ሹም ነገሩን አላድበሰበሰውም። "ወንበሮቹ እስከ ጥምቀት ካልሞሉ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። አንተንም ከዚህ በኋላ የምንልክበት ቦታ የለንም" አለኝ። እርፍ ልጨብጥ ብል ደረቴ አይፈቅድም። ከጠመኔ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም፤ ጠመኔውም ቢሆን ያስለኝ ነበር።

ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ ማለት ይቻላል። የዳገቱ ሰው ትምህርት ጠልቶ አይደለም፤ ልጁን ለቄስ ይሰጣል፣ ዳዊት ሲደግምለት ደስ ይለዋል። የመንግሥት ትምህርት ግን ልጅን ጸረ ማርያም ያደርጋል የሚል ወሬ ከእኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቶ ነበር። በዚያ ላይ አስተማሪው የሚመጣው በብረት ላይ ተቀምጦ ነው። ጥቂት ልጆች መጥተው ፊደል ሲቆጥሩ፣ እኔ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየሁ ጥምቀትን እቆጥር ነበር።

ጢስ የማይገባበት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ከተማው ውስጥ ስላገኘሁ፣ በየማለዳው ከዚያ ተነስቼ እወጣለሁ። "ትንፋሽ ያጠረው ሰው ብስክሌት ምን ያደርግለታል?" ይሉኛል እስከ ዛሬ። ሜዳው ላይ ከእግር ይልቅ ታሳርፋለች። ዳገቱ ላይ ደግሞ ቀጥ ብዬ አልወጣም፤ በሬውን እንደሚመልስ አራሽ ከጥርጊያው መንገድ ዳር ወደ ዳር እየተመላለስኩ ነው የምወጣው። በአፍንጫዬ እስባለሁ፤ ከዚያ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሬን አሹዬ ረጅም አድርጌ አወጣለሁ። ሲብስብኝ ወርጄ እጀታዋን ተደግፌ እገፋታለሁ። እንስራ የተሸከሙ ሴቶች እየቀደሙኝ፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብለው ይስቁብኝ ነበር። መልስ ነበረኝ፤ ለመልሱ የሚሆን ትንፋሽ ግን አልነበረኝም።

ከዳገቱ አጋማሽ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። በአገሩ ልማድ በቅሎ ላይ ተቀምጦ በደጀ ሰላም ፊት የሚያልፍ ሰው የለም፤ ባላባትም ቢሆን ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ አጥሩ እስኪያልቅም በእግሩ ይሄዳል። ለብስክሌት የወጣ የተለየ ሕግ ስለሌለ እኔም እወርዳለሁ። ይህን ልማድ እንደ እኔ የወደደው ሰው ያለ አይመስለኝም። ብስክሌቷን አስደግፌ፣ ግንባሬን የደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ አድርጌ፣ ትከሻዬ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ዓይኔ እንባ እያቀረረ እቆማለሁ። ሌላው ሰው ተሳልሞ ሲያልፍ እኔ ገና ነኝ። አልጸለይኩም ማለት አይደለም። "አቤቱ" ብዬ እጀምራለሁ፤ የቀረውን ትንፋሼ ሲመለስ እጨርሰዋለሁ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ወንበሮቹ መሙላት ጀመሩ። አንድ ማለዳ ሁለት፣ በማግስቱ አንድ እያለ ልጅ ይመጣል። ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ልጅ እጇን ይዘው መጡ።

"ሰውየው ጸረ ማርያም ነው ብለውን ነበር" አሉኝ። "እኔ ግን እርሻዬ እዚያው ነው። በየማለዳው በደጇ ስታለቅስ አይሃለሁ። ለሰዉም ነገርሁ። እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ልጅ አያስክድም።"

አፌን ከፈትኩ። ልጅቱ ግን ቀድማ ገብታ ወንበር ይዛ፣ እግሯን እያወዛወዘች ፊደል ገበታውን ታይ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚለውን አባባል ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በራሴ ደረት ላይ ሲሆን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግመው የኖርኩት በሽታ ትምህርት ቤት እየሞላልኝ ነበር። አመሰገንኩ፤ ግን እንደ ተበደረ ሰው ምስጋናዬ ስጋት ነበረበት።

ታኅሣሥ ሲገባ ውቂያ ሆነ። በዳገቱ ግራና ቀኝ አውድማ ተለቀለቀ፤ በሬዎቹ ነዶውን ረግጠው ሲጨርሱ ገበሬው ነፋስ ጠብቆ ገብሱን በመንሽ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ፍሬው ይወርዳል፤ እብቁ በመንገዱ ላይ ይነዳል። ከአውድማ ጎን ሲያልፉ "ይበርክት" ሳይሉ አይታለፍምና እኔም አፌን ከፍቼ እያልኩ አልፋለሁ።

አንድ ቀን ነፋሱ በርትቶ ነበር። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ደረቴ ጭራሽ ተቆለፈ። ብስክሌቷን ጥዬ ተንበረከክሁ። አየር መሳቡ ቀርቶ ያለውን ማውጣት አቃተኝ። ክኒኑ ከብስክሌቷ ኋላ ባሰርኩት ቦርሳ ውስጥ ነው፤ እጄ አይደርስበትም። ቀና ስል ሰዎች አየሁ። ከቅርቡ አውድማ የመጡ ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ራቅ ብለው ቆመዋል። አንዱ ሊጠጋኝ ሲል ሌላው በእጁ ከለከለው። ጸሎቴን እንዳያቋርጥብኝ ነው። እኔ እየታፈንኩ እነሱ እኔን አክብረው ቆመዋል። ከዚያ የከፋ አክብሮት ደርሶብኝ አያውቅም።

ሽማግሌው ናቸው ከሰው ተለይተው መጥተው አገጬን ይዘው ቀና ያደረጉኝ። ከንፈሬ መጥቆሩን አዩና፣ "ይህስ ጸሎት አይደለም" አሉ። በጣቴ ቦርሳውን አሳየኋቸው። ደግፈው አስቀመጡኝ፣ ክኒኑን አወጡልኝ፣ አንዱ በቅል ውኃ አቀረበልኝ። ትንፋሼ እየተጎተተ፣ በስንት መከራ ተመለሰ።

"ምን አገኘህ ልጄ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ደረቴ ነው አባቴ። ትንፋሽ ያጥረኛል።"

"ዛሬ ነው?"

"ሁልጊዜ ነው። እዚህ የሚያቆመኝም፣ የሚያስለቅሰኝም እሱ ነው።"

ልዋሽ እችል ነበር። ነገር ግን ትንፋሹ አሁን የተመለሰለት ሰው ለውሸት የሚተርፈው የለውም። ሽማግሌው ድንጋዩን አየት አደረጉና፣ "ምንድን ነው የሚያስነሳብህ?" አሉ።

"ብርድ፣ ጢስ፣ የበቅሎ ጸጉር" አልኳቸው። ልብሴ ላይ ያለውን አራገፍኩ። "እብቅም።"

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሽማግሌው መንሻቸውን አንስተው ሄዱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔም ብስክሌቷን እየገፋሁ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ነገሩ እንዳበቃለት አልተጠራጠርኩም። ልጆቹን የሰጡኝ እንባዬን አምነው ነበር፤ እንባው ደግሞ የሳንባ ሆኖ ተገኘ። ጥምቀት ተቃርቧል። ነገ ባዶ ወንበሮቹን ቆልፌ ቁልፉን ለሹሙ እመልሳለሁ ብዬ አደርኩ።

በማግስቱ ነፋሱ ከትናንቱ ይብስ ነበር። ውቂያ ላይ ነፋስ ምን ማለት እንደሆነ እስቴ ያደገ ሰው ያውቃል። አንዳንዱን ቀን ጭራሽ አይመጣም፤ ምርቱ አውድማ ላይ ተከምሮ እያለ ያለወቅቱ ዝናብ ቢጥል የዓመት ልፋት ይበሰብሳል። ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ገበሬ ምሳውን ይተዋል። ያን ጠዋት ግን ከታች ሆኜ ቀና ብል አንድም ቦታ እብቅ አይነሳም። ስለ እኔ ሊነጋገሩ ተሰብስበው ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

የመጀመሪያው አውድማ ጋ ስደርስ ሰዎቹ ከምርቱ አጠገብ ቆመዋል። መንሾቻቸው መሬት ላይ ተጋድመዋል። ነፋሱ ልብሳቸውን ያርገበግበዋል።

"ይበርክት" አልኩ።

"አሜን" አሉኝ። ሁለተኛውም አውድማ እንደዚሁ ነበር። ወርጄ ብስክሌቷን እየገፋሁ ሽማግሌው ጋ ደረስኩ።

"ዛሬ በዓል ነው እንዴ አባቴ?"

"በዓልስ አይደለም።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ ነፋስ እያለፈ..."

"ይለፍ፤ ሌላ ይመጣል" አሉኝ። "አንተ እስክታልፍ መንሽ የሚያነሳ የለም፤ ተነጋግረናል። ልጆቹ ቀድመው ወጥተዋል።"

"ትናንት የነገርኋችሁን ግን ሰምታችኋል" አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነበር።

"ሰምተናል። ትንፋሽ ሳይኖርህ በየቀኑ ይህን ዳገት የምትወጣው ለማን ልጅ ብለህ ነው?"

ነፋሳቸውን እንዳላባክንባቸው መፍጠን ፈለግኩ፤ ደረቴ እሺ አላለኝም። ስፈጥን ያዩኝ ሽማግሌው ከኋላዬ፣ "ቀስ በል" አሉኝ። ስለዚህ ቀስ አልኩ። ያ ሁሉ ሰው የዓመት እንጀራውን ለዝናብ አጋልጦ፣ አንድ ሳል የያዘው አስተማሪ ብስክሌት እየገፋ እስኪያልፍ ጠበቀ። የመጨረሻውን አውድማ አልፌ መታጠፊያው ላይ ዞር ስል ገና እንደቆሙ ነበሩ። የመንሽ ድምፅ የሰማሁት ከታጠፍኩ በኋላ ነው። ውቂያው እስኪያልቅ በየማለዳው እንደዚሁ አደረጉልኝ፤ እኔም ያን ሁሉ ማለዳ የተነፈስኩት እነሱ በተዉልኝ ነፋስ ነው።