በአንገታቸው ውስጥ የሚያፏጨው ደም

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ሙቀቱ በበረታበት ወር፣ በሐኪምነት ከምሠራበት ሆስፒታል አውጥተው አርባ ምንጭ ዳር ወዳለ የድሮ ጥጥ መጋዘን አስገቡኝ። ከጣሪያው ቀዳዳ በሚወርደው ብርሃን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል፤ አይወድቅም። አንዳንዴ እኛ እስረኞቹም ከወለሉ ከፍ ያልን ይመስለኝ ነበር። ያሰሩኝ ሰዎች በስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ሐሰት ነው ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ። አልፈርምም ካልኩ ወር ሊሞላኝ ነው።

አጠገቤ የሚተኙት የጨንቻ ሸማኔ ነበሩ፤ ልጃቸው ተፈልጎ ቢታጣ በምትኩ የተያዙ ሽማግሌ። አባባ እላቸው ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የውሃ ጣሳው ከግራ እጃቸው አምልጦ ወደቀ። ጣቶቻቸውን የሌላ ሰው ይመስል ያዩዋቸዋል። ጥቂት ቆይቶ እጃቸው እንደገና ይታዘዛቸው ጀመር። ሌላም የተሰማቸው ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው።

“ቀኝ ዓይኔ ላይ ነጭ ጨርቅ ትወርዳለች” አሉኝ በረጋ ድምፅ። “ቀጭን ናት፤ የኛን ሥራ ትመስላለች። ከዚያ ትነሳለች።”

ማዳመጫ ስላልነበረኝ ጆሮዬን በአንገታቸው ቀኝ በኩል አሳረፍኩ። ደሙ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ያፏጫል፤ ከጫካ ውስጥ በሩቁ እንደሚሰማ ምንጭ። ዓይኔን ጨፍኜ ከሚገባው በላይ ቆየሁ። ድምፁ ደስ ይላል፤ ትርጉሙ ግን ክፉ ነበር።

ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ሥር ውስጡ ስብ ተጋግሮበት መጥበቡን፣ ከዚያ ላይ ስባሪ ቢነሳ ግማሽ አካላቸው ሊሽመደመድ እንደሚችል ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ሥሩን ከፍቶ፣ የተጋገረውን ልጦ አውጥቶ፣ መልሶ የሚሰፋ ቀዶ ሐኪም አውቃለሁ አልኳቸው። ቀዶ ጥገናው ራሱ ያንኑ ሽባነት ሊያመጣ እንደሚችልም አልደበቅኳቸውም። ብዙ አሰቡና የጠየቁኝ ስለ ክሩ ብቻ ነው። ከፀጉር እንደሚቀጥን ስነግራቸው፣ “እንግዲያው ሰውዬው እጅ አለው፤ እሄዳለሁ” አሉ።

በማግስቱ መርማሪውን ሪፈር እንዲፈቅድላቸው ለመንኩት። የምፈርምበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

“አንተ ፈርም፤ ሽማግሌው ነገ ይሄዳሉ።”

“መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ስጠኝ” አልኩት።

አባባን መርምሬ ያገኘሁትን ሕመም በሙሉ ጻፍኩበት፤ ከላይ “አስቸኳይ”፣ ከታች ስሜን ከነማዕረጌ። እዚያ ግቢ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ዶክተር ብሎ የጠራኝ አልነበረም። ታጥፎ ፖስታ ውስጥ እስኪገባ ጠበቅኩና ያኛውን ፈረምኩ። እዚያ ላይ ስሜን ብቻ።

አባባ ያደረግሁትን ሳያውቁ ሄዱ። ቀዶ ጥገናው ተሳካላቸው፤ ጨንቻ ተመልሰው ብዙ ዓመት ሸመኑ።

እኔም ተፈታሁ። የፈረምኩት በስብሰባ ላይ ተነበበ፤ ጓደኞቼ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። አልፈርድባቸውም። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ሐሰት ነው ብዬ መፈረሜም እውነት ነው። አሁንም አልፎ አልፎ ፈርመሃል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ እላለሁ። ስንት ወረቀት ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።